ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በጎብኚነት መሄድ ይገባኛልን?

ጠያቂ፦ «ሜሪላንድ የምኖር፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለኝ ነርስ ነኝ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለጎብኚ ከተከፈተች ወዲህ የሄግራን የድንጋይ መቃብሮችና የነጅራንን አካባቢ የማየት ምኞት አድሮብኛል። ነገር ግን በ2013 ወገኖቻችን ከዚያ ሲባረሩ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ከወጡት አንዷ ነበርኩ፤ አሁን ገንዘቤን ይዤ በእንግድነት ብሄድ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ጅዳ ውስጥ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የምትኖር የአክስቴ ልጅም አለችኝ። እናቴ ደግሞ እኔን ትተሽ የትም አትሄጂም ብላለች፤ እሷ የምትይዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው። ሁለታችንም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነን። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። መሄድዎን አልቃወምም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በስምዎ የለጠፉትን ሁሉ መለስ ብለው ሳያነቡ ቲኬት እንዳይቆርጡ፣ ነጅራንን ለጊዜው እንዲተዉት፣ ከአክስትዎ ልጅ ጋር በሚኖርዎት ግንኙነትም እጅግ እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ። በጉዞ ማማከር የምተዳደር ሰው በመሆኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠየቀው ስለ ሆቴልና ስለ ዋጋ ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን ኅሊናንም የሚነካ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

ሳዑዲ ዓረቢያ ተዘግታ የኖረች አገር ስትባል፣ የተዘጋችው ለማን እንደነበር መለየት ያስፈልጋል። እስከ ሴፕቴምበር 2019 ድረስ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ አገሪቱ የሚገባ ሰው ወይ ለሐጅና ለዑምራ፣ ወይ ለሥራ፣ ወይ ለንግድ፣ ወይ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ መሆን ነበረበት፤ አገር ልይ ብዬ መጣሁ ለሚል ሰው የተዘጋጀ መደበኛ የቱሪስት ቪዛ አልነበረም። በዚያ ወር በ27ኛው ቀን ግን የ49 አገሮች ዜጎች በኢንተርኔት አመልክተው ዓመት የሚያገለግልና እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ለውጡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ልዑል መሐመድ ቢን ሰልማን በ2016 ይፋ ያደረጉት ዕቅድ የአገሪቱን ገቢ ከነዳጅ ጥገኝነት ለማላቀቅ ያለመ በመሆኑ፣ በዚያው ዓመት የሃይማኖት ፖሊሱ ሰው የማሰር ሥልጣን ተነሣ፣ በ2018 ሲኒማ ቤት ተከፈተ፣ ሴቶችም መኪና እንዲነዱ ተፈቀደ፤ የጎብኚው ቪዛ የመጣው ይህ ሁሉ ከተደላደለ በኋላ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ያቺን አገር ጎብኚው ከማወቁ በፊት እናውቃታለን፤ ያወቅናትም በሳሎኗ ሳይሆን በጓዳዋ በኩል ነው። ስንት እናት ልጇን በኮንትራት የላከችባት፣ ስንቱ የቆርቆሮ ቤት የተለወጠባት፣ ስንቷም ልጅ አእምሮዋ ታውኮ ወይም በሬሳ ሣጥን የተመለሰችባት አገር ናት። የጓዳውና የሳሎኑ ሕግ ዛሬም አንድ አይደለም። በ2021 መጋቢት ላይ የወጣው የሥራ ማሻሻያ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ የሚቀይሩበትንና ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሲከፍት፣ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። እርስዎ ሻንጣዎን እየጎተቱ በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ በፈገግታ ሲስተናገዱ፣ ጥቂት ሜትር ርቀው ተራ የያዙት ልጆች በከፊላቸው፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ባስመጣቸው አሠሪ፣ ስም የሚጠሩ ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሌላኛው ተራ ያሉት ልጆች በአማርኛ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ አንገቴን ደፍቻለሁ።

እንግዲህ የኅሊናውን ጉዳይ እንውሰድ። በ2013 ኅዳር የተጀመረው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሷል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ነሐሴ ያወጣው ዘገባ ነው፤ ድርጅቱ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በከባድ መሣሪያ ጭምር መግደላቸውን መዝግቧል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለሽ ብሎ አስተባብሏል። እርስዎ ሊጎበኙት የሚያስቡት ነጅራን ከዚያ ተራራማ ድንበር ብዙ የማይርቅ መሆኑን ሲያስቡ የሚሰማዎትን ስሜት «ፖለቲካ ነው» ብዬ ላቃልለው አልፈልግም።

አንዳንዶች እንዲህ ባለ ጊዜ የበርማን ምሳሌ ያነሣሉ። በርማ በ1990ዎቹ ጎብኚ መጥራት ስትጀምር ወታደራዊውን መንግሥት የምትቃወመው የአውንግ ሳን ሱ ቺ ፓርቲ ራሱ ቱሪስቶች እንዳይመጡ ተማጸነ፤ በ2010 ደግሞ አቋሙን አላላ። ጎብኚው የማንን ቃል እንደሚሰማ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ስለሆነ «አትምጡ» ወይም «ኑ» ብሎ በሕዝቡ ስም የሚናገር አካል የለም። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ግብዣም እንደ ልመናም መቁጠር አይቻልም፤ ውሳኔው ተመልሶ በራስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አንዲት ነርስ በመቅረቷ መንግሥቱ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ በመሄዷም የሚያገኘው ገንዘብ ኢምንት ነው። የሚያተርፈው ከምስሏ ነው። በተጋባዥነት ሄዶ፣ ሆቴሉና በረራው ተከፍሎለት፣ ከዚያ «የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው» እያለ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ከገንዘብ የበለጠ ነገር ሸጧል። የእኛዎቹም በዚህ አይታሙም ማለት አልችልም። በራስዎ ገንዘብ ይሂዱ፣ በተቻለ መጠን በአካባቢው ሰው እጅ ካለ ቤት ይብሉ፣ ሲመለሱም ያዩትን ሁሉ፣ ጓዳውንም ሳሎኑንም፣ ለጠየቀዎት ሰው ይናገሩ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሰልፉን ከድቷል ብዬ አላምንም። ይህን እያነበቡ ሆድዎ ካልተቀበለው ግን ይቅርብዎት፤ ዕረፍት ተብሎ የተከፈለበት ጉዞ በጸጸት ማለቅ የለበትም።

ከኅሊናው ቀጥሎ የሚመጣው የለጠፉት ጽሑፍ ነው፤ እኔን በእውነት የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በ2021 ኅዳር አንድ የአሜሪካና የሳዑዲ ጥምር ዜግነት ያለው ሽማግሌ ዘመድ ሊጠይቅ ሪያድ እንደደረሰ ተይዟል፤ የተከሰሰው አሜሪካ ተቀምጦ በጻፋቸው 14 የትዊተር መልእክቶች ሲሆን፣ በ2022 የ16 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በ2023 መጋቢት ተፈትቷል። በይፋ ከሚታወቁት ጉዳዮች አብዛኞቹ የአገሩን ተወላጆች የሚመለከቱ ናቸው፤ ሕጉ ግን በተወላጅና በእንግዳ መካከል አይለይም፤ ጽሑፉ የተጻፈበት ዘመንና ቦታም አያድንም። ስለዚህ በ2013 የለጠፉትን ፎቶ፣ መፈክርና አስተያየት ፈልገው ያንብቡ። በሰልፍ መካከል ሻማ ይዘው የቆሙበት ፎቶ ብቻ ከሆነ ብዙም አልጨነቅም። ንጉሣዊ ቤተሰቡን በስም እየጠቀሱ የዘለፉበት፣ ወይም እስልምናን የሚነካ ነገር ያጋሩበት ገጽ ካለ ግን አይሂዱ። ከጉዞ በፊት መደምሰሱ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ የተደመሰሰን ነገር ሌላ ሰው ቀድቶ አስቀምጦት ሊሆን ስለሚችል በዚያ ላይ ተማምኜ ሰው አልልክም።

የአክስትዎን ልጅ በሚመለከት ግልጽ መሆን አለብኝ። ድንበር ጥሶ የገባን ሰው በመኪና ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም በሌላ መንገድ የረዳ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ሪያል ቅጣት እንደሚጠብቀው የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ በየጊዜው ያስታውቃል። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያለፈባት ወይም ከከፊሏ ጠፍታ የወጣች ከሆነች ሁኔታው ከዚህ ይለያል፤ ቢሆንም የትኛው እንደሆነ በስልክ ተጠይቆ የሚነገር ነገር አይደለም። በኪራይ መኪና ይዘዋት አይዙሩ፣ ሆቴልዎ አያሳድሯት፣ እሷ ዘንድም አይደሩ። ስምዋና አድራሻዋ በስልክዎ ውስጥ በጽሑፍ እንዳይገኝ። የሚያሳዝነው ነገር፣ አደጋው ከእርስዎ ይልቅ ለእሷ ይከፋል፤ እርስዎ የአሜሪካ ቆንስላ ጅዳ ላይ አለልዎት፣ እሷ ግን ከተያዘች የማቆያ ጣቢያ ይጠብቃታል። ለመገናኘት መወሰኑን ለእሷ ይተዉላት። «ናፍቄሻለሁ» ብላ ብትመጣ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለቡና ያህል ይገናኙ፤ ብትቀር አይቀየሟት።

አሁን ወደ ምኞትዎ ልመለስ፤ ቦታዎቹ በእውነት የሚያስመኙ ናቸውና። ሄግራ ወይም ማዳኢን ሳሊህ በ2008 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ፔትራን የሠሩት ነባጣውያን ከአሸዋ ድንጋይ ኮረብታዎች ጠርበው ያወጧቸው 111 ታላላቅ መቃብሮች አሉ፤ 94ቱ የተጌጡ ናቸው። ለብዙ ዘመን የአገሩ ሰው ራሱ አይቀርበውም ነበር፤ ነቢዩ ሳሊህን ያልሰሙት የሰሙድ ሕዝቦች የተቀጡበት ነው ተብሎ ስለሚታመን። ዛሬ የሚገባው አስቀድሞ ቦታ በመያዝና በተመደበው አውቶቡስ ሲሆን፣ «ራዊ» የሚባሉት ተራኪ አስጎብኚዎች ይቀበሉዎታል።

እርስዎ እዚያ ሲደርሱ ቸኩለው እንዳያልፉት የምፈልገው ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመውን ቀስር አል-ፈሪድ የተባለውን መቃብር ነው። ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። የላይኛው ክፍል ተስተካክሎ፣ ለስልሶ፣ ደረጃዎቹ ጥርት ብለው ሲታዩ፣ ታችኛው ክፍል ግን የመሮው ጫፍ የነከሰው ሻካራ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል። ላሊበላን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጠራቢው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርድ ነበር ማለት ነው። አብሬያቸው የነበሩት ጎብኚዎች በሙሉ ፎቶ ሲነሡ፣ አንድ የላሊበላ አካባቢ፣ የቡግና ሰው ከጎኔ ቆሞ «እነዚህም እንደኛ ከጣሪያው ነው የጀመሩት» ሲል ሰማሁት፤ ከራዊዋ ማብራሪያ ይልቅ የእሱ ቃል በልቤ ቀርቷል። በሌሎቹ መቃብሮች በር ላይ ደግሞ በነባጣውያን ጽሕፈት የባለቤቱ ስም፣ ማን ማን ሊቀበርበት እንደሚችል፣ መቃብሩን የሸጠ ወይም ባዕድ ያስገባ ሰው ለዱሻራ አምላክና ለንጉሡ የሚከፍለው ቅጣት ሳይቀር ተጽፏል። የርስት ውል ማለት ነው።

ነጅራንን የሚመኙበትን ምክንያት ሳይነግሩኝም እገምታለሁ። በስንክሳራችን የሚዘከሩት ሰማዕታተ ናግራን በ523 ዓ.ም. ገደማ በሒምያር፣ ማለትም በጥንቱ የየመን መንግሥት፣ ንጉሥ በዩሱፍ አስአር ዘመን የተገደሉት በዚያ ከተማ ነው፤ አፄ ካሌብም በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ከዚህ የተነሣ ነው። ከከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን የሚገኘው ሒማ ደግሞ በ2021 በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ የጥንት ነጋዴና ወታደር ውኃ እየጠጣ ስሙን በዐለት ላይ የጻፈበት የጉድጓዶች ስፍራ ነው። ከጽሑፎቹ አንዱን ያጻፈው የዚያው የዩሱፍ የጦር አለቃ ነው፤ ነጅራንን ስለመክበባቸው፣ በሒምያር መናገሻ በዘፋርም ስለ ገደሏቸው አበሾች ይናገራል። ይህን ታሪክ እኛ በተጠቂው ወገን ስናነበው ኖረናል፤ በሒማ ዐለት ላይ የአጥቂው ደብዳቤ ተቀምጦልናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ፊደሉ ነው። የጥንቱ የደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የግዕዝ ፊደል ወላጅ በመሆኑ፣ ያልተማረ ዐይን እንኳ በትንሽ ትዕግሥት ይለየዋል፦ ክቡ ዐ፣ መሐሉ በመስመር የተከፈለው ክብ ወ፣ ሁለት እግር ያለው በ፣ መስቀል የመሰለው ተ። አበሾች የሚለው ስም የተጻፈባቸውን ሐን፣ በን፣ ሠን በጣትዎ መከተል ይችላሉ። ስንሄድ ስንመጣ ስለ ሁለቱ ዳርቻ ዝምድና ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ታዲያ ለምን ተዉት አልኩ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከሳዑዲና የመን ድንበር 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ዜጎቹ እንዳይጓዙ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል፤ የነጅራን ከተማ በዚያ ውስጥ ትወድቃለች። ሒማ ከዚያ ክልል ውጭ ቢሆንም መንገዱ የሚነሣው ከነጅራን ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አደጋ ቢደርስ ብዙው የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ከእናትዎ ጋር ደግሞ ይህን አላደርገውም። ማሳሰቢያው ስለሚለዋወጥ ቦታ በሚይዙበት ሳምንትና በሚበሩበት ሳምንት ሁለቴ ያንብቡት፤ ስለ መላው አካባቢ የተጻፈውንም ጭምር፣ በባሕረ ሰላጤው ያለው ሰላም አስተማማኝ አይደለምና።

የቀሩት ነገሮች ቀላል ናቸው። ለሙስሊም ካልሆነ በቀር መካ አይገባም፤ መዲናም የነቢዩ መስጊድ ዙሪያ እንዲሁ ነው። ወደ ሄግራ በምድር የሚሄዱ ከሆነ በመዲና ዳር ያልፋሉ፤ የመንገዱን ምልክት ማክበር ይበቃል። ዓባያና ሒጃብ ለውጭ አገር ሴት ግዴታ አይደለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግዴታ ነው፤ የእኛ ነጠላ ከዚህ በላይ ይሸፍናል። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በክፍልዎ ውስጥ ቢጸልዩ የሚነካዎት ባይኖርም ማተብና መስቀል ከልብስ ሥር ቢሆን ይመረጣል። መጠጥ ክልክል ነው። ጫትም በዚያ አገር አደንዛዥ ዕፅ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው የሰጠዎትን ማንኛውንም «ለወንድሜ አድርሽልኝ» የሚባል ጥቅል አይቀበሉ፤ በዕፅ ዝውውር የሞት ፍርድ የሚፈጸምበት አገር ነው። ነርስ ስለሆኑ ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ነገር ግን ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ በሻንጣ ውስጥ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በራሱ ዕቃ ይሁን፤ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነም ከጉዞው በፊት ከሳዑዲ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቁ። ጊዜውን ከኅዳር እስከ የካቲት ያድርጉት፤ ረመዳን የሚውልበትን ወር ግን ያረጋግጡ፤ በጾም ቀን በአደባባይ መብላት አይፈቀድምና።

እናትዎ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይከብድ ነበር፤ አገራችን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ከሚሰጣቸው ውስጥ የለችም። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ግን በፓስፖርቱ ዜግነት ሳይወሰን ማመልከት ይችላል። የግሪን ካርዳቸውም የፓስፖርታቸውም ጊዜ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን፤ የስማቸው አጻጻፍ በሁለቱ ላይ አንድ መሆኑንም በፊደል ፊደሉ ያመሳክሩ፤ ብዙ እናቶቻችን አንዱ ላይ በአባት ስም፣ አንዱ ላይ በአያት ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ካላቸው መግባት አይከለክላቸውም፤ ሻሽ ማሰር የለመዱ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከነጭራሹ አይነሣም። ከዋሽንግተን በአንድ ትንፋሽ ከመብረር አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሌሊት አርፈው ወደ ጅዳ ቢሻገሩ ይሻላል፤ ከዚያ በረራው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጅዳ ሲደርሱ አል-በለድ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከባሕር ድንጋይ በተሠሩትና የእንጨት መስኮታቸው ወደ መንገድ በወጣ ቤቶች መካከል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይውጡ፤ የአውሮፕላኑን ድካም ሳያራግፉ ወደ ሄግራ አይውሰዷቸው።